ዋናው አንቺ ጋ አለ ብዬ

ደሳለች ላቀው ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም። ደብረ ታቦር ውስጥ ፎቶ ቤቷን የሚያውቅ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮሃል፤ እሷ ግን ቃሉን ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ እየለየች ታስቀምጠዋለች። ባለፈው ነሐሴ፣ በቡሄ ማግስት፣ በአበልጇ በደምሴ ሱቅ ውስጥ ቆማ «ድገመውማ፤ አልሰማሁህም» ስትል ድምጿ ከወትሮው ያነሰ ነበር። ጎረቤቱ በየበሩ ብቅ ያለው ለዚህ ነው።

ነገሩን ከእሷም፣ ከደምሴም፣ ከደምሴ ሚስት ከብዙነሽም አፍ ሰምቼዋለሁ። የቀረውን ፎቶ ቤቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። እዚያ አግዳሚ ላይ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው እንኳ ወሬ ሳይሰጥና ሳይቀበል አይነሳም።

ደሳለች የጉና ሥር ገበሬ ልጅ ናት። ለትምህርት ከተማ ገብታ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጠረች። ፊልም በጨለማ ክፍል ከሚታጠብበት ዘመን ጀምሮ አብራቸው ሠርታ፣ ሲደክሙ ቤቱን ተረከበች። ሠርግ ታነሳለች፣ ክርስትና ታነሳለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምረቃ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ባስመረቀ ቁጥር ጥቁር ጋዋን የለበሰ ወጣት ከበሯ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋል። አንድ ጠባይ አላት፤ ያነሳችውን አታጠፋም። ዓይኑን የጨፈነውን እንኳ ታስቀምጣለች።

«ዛሬ አላማርኩም ብሎ ይጣላኛል፤ ነገ እናቱ ትፈልገዋለች» ትላለች።

ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ሲያርፍ ለተዝካሩ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ዳሱ ውስጥ ይቆማል። ቤት ውስጥ ፎቶ ሲጠፋ ዘመድ ሁሉ ወደ ደሳለች ነው የሚመጣው። የስንት ሰው መልክ ከዚያች የፎቶ ቤት ኮምፒውተር ውጪ የትም እንደሌለ ከእሷ በቀር የሚያስበው አልነበረም።

ስለዚህ የከተማው ነጋዴ ለሥልጠና ተጠርቶ አሠልጣኙ «ኮምፒውተራችሁ ነገ ጠዋት አልነሳም ቢል ምን ትሆናላችሁ?» ሲል፣ ሌላው የሻይ ዕረፍቱን ሲጠብቅ እሷ ከልቧ አዳመጠች። መጠባበቂያ ዕቅድ ማለት እንዲህ ነው ተባለ፤ ሥራችሁን ገልብጡ፣ ግልባጩን ከሌላ ጣሪያ ሥር አኑሩት፣ ተመልሶ መከፈቱንም ሞክሩ። ለደሳለች አዲስ ነገር አልሆነባትም። አባቷ የገብስ ዘር ሲያስቀምጡ ከፊሉን በራሳቸው ጎተራ፣ ከፊሉን ወንድማቸው ዘንድ ነበር። እሳት ቢነሳ፣ ነቀዝ ቢገባ፣ በአንዱ ቤት የጠፋው በሌላው ይገኛል። ክረምት ላይ ቤተሰቡ ጎመን በልቶ ያድራል እንጂ ያ የአደራ ዘር አይነካም። የአደራ ዘር የበላ ሰው ስም ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ጥቁር ሃርድ ዲስክ ገዛች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉን ገልብጣ ትጨርስና በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ጎረቤት ትወስደዋለች። መኖሪያዋ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ በአንድ ጣሪያና በአንድ መብራት ሥር ስለሆነ እዚያ ማኖር ዋጋ የለውም። ደምሴ ደግሞ የልጇ የክርስትና አባት ነው፤ አበልጅ ከወንድም አያንስም። ሱቁ መዝሙርና ፊልም በፍላሽና በስልክ የሚጭንበት ነው፤ ዕቃውን ያውቀዋል ብላ አሰበች። ዲስኩን ሰጥታ «አደራ» አለችው። እሱም «በምድርም በሰማይም» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባው። ከዚያ በላይ ምን ይባላል? አደራ ከተባለ በኋላ ለምን፣ እንዴት ብሎ ማስረዳት ሰውን መጠርጠር ይሆናል። በእኛ አገር ማን ያደርገዋል።

ቡሄ መጣ። ለደብረ ታቦር ከዚህ የበለጠ ቀን የለም፤ ከተማዋ ከበዓሉ ጋር በአንድ ስም ነው የምትጠራው። ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ከተማውን ሞላው፤ ሁሉም የበዓሉን ቪዲዮ፣ የአዲሱን ዓመት መዝሙር ጫንልኝ ይላል። የደምሴ ዲስክ ሞላ። ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ጥቁሩን ሰካና አየው፤ ፎቶ ብቻ ነው። ሙሽራ፣ ሕፃን፣ ተመራቂ። ብዙነሽ ከጓዳ «ይሄ የደሳለች አይደለም ወይ?» ብላው ነበር።

«ግልባጭ እኮ ነው» አላት። «ዋናው እሷ ጋ አለ። ቅዳሜ ስትመጣ መልሳ ትገለብጠዋለች።»

ፎርማት አደረገው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያ የነሐሴ ዝናብ ወረደ፤ መብረቁ የመብራት ምሰሶ መታ። መብራት ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ብርቱ ሆኖ መጣና የደሳለች ስታብላይዘር ጢሱን ለቀቀ፤ ኮምፒውተሩም አብሮት ዝም አለ። አግዳሚው ላይ የነበርነው ሁሉ ተነሳን። የደነገጠችው እሷ ሳትሆን እኛ ነበርን። ሽቦውን ነቀለች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ የሕፃን ክርስትና ፎቶ ልትወስድ የመጣችውን ሴት «አይዞሽ፣ ፎቶሽ ጎረቤት ነው ያለው» አለቻት። ጃንጥላዋን ይዛ ስትወጣ ፈገግ ብላ ነበር። ያንን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም።

«አበልጄ፣ ዲስኬን አምጣልኝ። ያኛው ተቃጠለብኝ።»

ደምሴ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «የቱ?» አለ።

«ስንት ዲስክ ሰጥቼሃለሁ?»

«የለም፣ የተቃጠለው የቱ ነው ማለቴ ነው። ዋናው?»

«ዋናው።»

ደምሴ አሁን ቀና አለ። «ደሳለች፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«ወንበር አልጠየቅሁህም።»

«ለቡሄ ቦታ ጠበበኝና ለትንሽ ቀን ልጠቀምበት ብዬ… ግልባጭ አይደለም ወይ? ዋናው አንቺ ጋ አለ ብዬ…»

«ድገመውማ። አልሰማሁህም።»

መድገም አላስፈለገም። ጥቁሩ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተያያዘ፣ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ነበር። አንድ ወጣት ስልኩን ሰጥቶ መዝሙር ይጠብቃል። ደምሴ ለእሷ እየመለሰላትም፣ እየማለላትም፣ እጁ ከሥራው አልተላቀቀም፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ ፊልም እዚያው ዲስክ ላይ እየገለበጠ ነበር። ደሳለች ጎንበስ ብላ ሽቦውን ነቀለችው።

«እቴ፣ ገና አልጨረሰልኝም እኮ» አለ ወጣቱ።

«ያንተ መዝሙር የስንቱን ሰው ሠርግ እየበላ እንደሚገባ ብታውቅ አትሰማውም ነበር» አለችው። ወደ ደምሴ ዞረችና፣ «ዘር ነበር የሰጠሁህ። ቆልተህ ለመንገደኛ አደልከው። አደራ በላ» ብላው ዲስኩን ይዛ ወጣች።

አደራ በላ። ይሄ ቃል በእኛ አገር ከሌባ ይከፋል። ሌባ ያላመኑትን ይሰርቃል። ብዙነሽ ከጓዳ ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በዚያ ሳምንት ደሳለችን ሊያጽናና የመጣ ሰው ሁሉ ተቃጥሎ ተመለሰ። «እግዜር ያመጣው ነው፣ ምን ይደረጋል» ላላት ጎረቤት፣ «እግዜር መብረቁን አመጣ። ዲስኩን ያጠፋው ደምሴ ነው። እግዜርንና ደምሴን አንድ ማኅበር አታስገባብኝ» አለች። አንድ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ነበረብሽ አላት። «ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ ሲከርም አንተም እዚሁ ነበርክ» አለችው፤ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ሦስተኛው «ለፎቶ ይሄን ያህል?» ሲል በልባችን እኛም ብለነው ነበርና አንዳንዶቻችን አጎነበስን። እሷ ግን ለዚያ ሰውዬ በሩን ብቻ አሳየችው።

ይሄ ሁሉ እያለ ነው እማማ አሰለፈች ከእብናት የመጡት።

ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቅንላቸው። ልጃቸው እንዳልካቸው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ሥራ በያዘ በወራት ውስጥ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ስልኩም መታወቂያውም እዚያው ቀረ። የሙት ዓመት ተዝካሩ በመስከረም መጨረሻ ነው። «በጋዋን የተነሳሁትን እማዬ በትልቁ አሳትሜ አመጣልሻለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ደሳለች የምትባል ጋ ነው የተነሳሁ ብሎኛል። አንቺ ነሽ?»

ደሳለች ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። «እኔ ነኝ፣ እማማ። ሌላ ፎቶ የለዎትም?»

«ኸረ የለኝም። ሕፃን ሆኖም አልተነሳ። የት ፎቶ ቤት አለና በእኛ ቀበሌ።»

«እማማ፣ አልዋሽዎትም። ኮምፒውተሬ ተቃጥሏል። ሌላ ቦታ ያኖርኩት ደግሞ ተነክቷል። አለም፣ የለምም ልልዎት አልችልም።»

አሮጊቷ አላለቀሱም። «ልጄ፣ ድምፁ ከጠፋኝ ሰንብቷል። ሌት እጠራዋለሁ፣ በምን ድምፅ እንደሚመልስልኝ አላውቀውም። መልኩም እንዲህ እንዳይሆንብኝ ነው የመጣሁ» አሉ።

ደሳለች የተነሳችው በማግስቱ ነው። የተቃጠለውንም ጥቁሩንም በጨርቅ ጠቅልላ ባሕር ዳር ወረደች። እዚያ ሰላማዊት የምትባል፣ የተበላሸ ዲስክ የምታክም ወጣት ባለሙያ አለች። የተቃጠለውን ከፍታ አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከእሱ የሚወጣ የለም። ጥቁሩን ግን ስትሰካው ተነሳ።

«ፎርማት ማለት የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው» አለቻት። «ገጾቹ አሉ። ሌላ ነገር በላያቸው ሲጻፍ ነው የሚጠፉት። ተጽፎበታል?»

«ቡሄን በሙሉ።»

«ማን ነው?»

«አበልጄ።»

ሰላማዊት ሳቋን ዋጠችው። «ሽቦውን ማን ነቀለው?»

«እኔ።»

«ያ ነው ያተረፈሽ። አንድ ቀን ቢቆይ የሚመለስ አልነበረም። የተጻፈበትን ግን እኔም አልመልሰውም፤ ሌላም ሰው አይመልሰውም። እመልሳለሁ የሚልሽ ካለ አትመኚው።» ሥራውን ጀምራ ሳለ ድንገት ጠየቀቻት፤ «ለመሆኑ ይሄን ግልባጭ አንድ ቀን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ ሞክረሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ዕቅድሽ ላይ አልነበረም?»

«ነበር።»

ደሳለች ይሄን ስትነግረኝ ፊቷን አዞረች። ባዶ ዲስክ ለደምሴ ሰጥታ ቢሆን ኖሮ እንኳ አታውቅም ነበር። ቁጣዋ ያን ቀን ከደምሴ አልፎ ወደ ራሷ ዞረ።

ከጥቁሩ ዲስክ የተመለሰው ብዙ ነበር፤ ግን ስም የለው፣ ቀን የለው። ሠርጉ ከክርስትናው፣ ተመራቂው ከመታወቂያ ፎቶው ተደባልቆ በቁጥር ብቻ ተሰልፏል። አንዱ ሙሉ ነው፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ከላዩ የደምሴ ፊልም ተጽፎበት ቀለም ብቻ። ደሳለች እንዳልካቸውን አታስታውሰውም፤ የስንቱን ተመራቂ መልክ ትያዝ። ስለዚህ እማማ አሰለፈች ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈው፣ በየቀኑ እየመጡ ከጎኗ ተቀምጠው ያዩ ጀመር። ደሳለች በተዋሰችው ኮምፒውተር ላይ ቁልፉን ትጫናለች፣ አሮጊቷ «አይደለም» ይላሉ። ሙሽራ ሲመጣ «ይቺስ ወልዳለች?» ይላሉ፤ ሕፃን ሲመጣ «ይደግ» ብለው ያልፋሉ። እኛ አግዳሚው ላይ ያለነው አብረን እናያለን፤ የራሱን ሠርግ አይቶ ከአግዳሚው የተነሳ ሰው ነበረ።

ደምሴ በር ላይ እየመጣ ይቆማል። አይገባም፤ አይሄድም። ደሳለች አታየውም።

አንድ ረፋድ ላይ እማማ አሰለፈች «አይደለም» አላሉም።

ፎቶው ከላይ ጥርት ያለ ነው። ቆቡ፣ ከቆቡ የተንጠለጠለው ክር፣ ግንባሩ፣ ዓይኖቹ፣ አፍንጫው። ከአፍንጫው በታች ግን ግራጫ ነው። አፍ የለም፤ አገጭ የለም፤ ጋዋን የለም። ግራጫ ብቻ።

«አፉስ?» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

«ተበልቷል፣ እማማ።»

«አይመለስም?»

«አይመለስም።»

ደምሴ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን እኮ ቴክኖሎጂው አለ» አለ። «አፉን በኮምፒውተር ይሠሩለታል። የሚያምር አድርገው። እኔ ራሴ አስደርገዋለሁ…»

ደሳለች ያን ጊዜ ነው ከስንት ቀን በኋላ ዞራ ያየችው። «የማንን አፍ ልታመጣለት ነው? እሱም ከቡሄ ተርፎህ ነው?»

«ልካስ ብዬ ነው እኮ፣ አበልጄ።»

«አበልጄ አትበለኝ።»

እማማ አሰለፈች ጣታቸውን ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ሳያነሱ፣ «የሌላ ሰው አፍ በልጄ ፊት ላይ አልፈልግም» አሉ። «እዩት፤ ዓይኑ ሊስቅ ሲል እንዲህ ነው የሚጠብ። ሳቁን እኔ እሞላዋለሁ።»

ደሳለች ግራጫውን ቆርጣ ዓይኑና ግንባሩ ብቻ በትልቁ ይውጣ አለቻቸው፤ ያምራል፣ ሰውም አይጠይቅም። አሮጊቷ እምቢ አሉ። «እንዳለ አትሚው። የጎደለውም ልጄ ነው።»

ፎቶው ታትሞ በመስታወት ገባ። በዚያው ሰሞን ደምሴና ብዙነሽ የደሳለችን የንስሐ አባት ይዘው ለዕርቅ መጡ። ቄሱ ብዙ ተናገሩ፤ አበልጅነት በሜሮን የታሰረ ነው፣ መልአክም ይቀየማል አሉ። ደሳለች እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

«አባቴ፣ ይቅር በይ ያሉት እኔን ነው። የተበደሉት ግን እብናት ያሉት እናት ናቸው። ፎቶውን ይዞ ይሂድ፤ በአፉ ይንገራቸው። እሳቸው ይቅር ካሉ እኔ ማን ነኝ።»

ቄሱ ሌላም ቅሬታ ነበራቸው። ደሳለች አዲስ ዲስክ ገዝታ አንበሳሜ ካለው ወንድሟ ዘንድ ማኖር ጀምራለች፤ ግን በቀይ ቆዳ እንደ ክታብ አሰፍታ ነው የምትሰጠው። ወንድሟን አላመነችውም ማለት አይደለም፤ ወንድሟ ቤት የሚገባውን ሰው አታውቅም። ክታብ ማንም ከፍቶ አያይም። «ያልተጻፈበትን ክታብ አስመሰልሽ ይሉሻል» ቢሏት፣ «የተጻፈበት ነው እንጂ አባቴ፤ የሰው ሁሉ መልክ ነው ያለበት» አለቻቸው። በየወሩ ስፌቱን ፈትታ፣ እዚያው አንበሳሜ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ፣ ፎቶዎቹን አይታ፣ መልሳ ትሰፋዋለች። ሞክሩ የተባለውን አሁን ትሞክራለች።

በተዝካሩ ቀን ደምሴ ፎቶውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እብናት ወረደ። ደሳለችም፣ ብዙነሽም፣ እኔም በአንድ መኪና ነበርን። በመንገዱ ሁሉ ደሳለች በመስኮት ስታይ ነበር።

ዳሱ ውስጥ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ለምግብ ሲቀመጥ ፎቶው ከፊት ጠረጴዛ ላይ ቆመ። የመጣው ሰው ሁሉ ዓይኑን ያየዋል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ግራጫው ላይ ይደርስና ይደነግጣል። «እሜቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። እማማ አሰለፈች ደምሴን ያሳያሉ። «እሱን ጠይቁት።»

የመጀመሪያውን ሰው ደምሴ ብዙ አስረዳው። ቡሄ ስለነበር፣ ቦታ ስለጠበበ፣ ግልባጭ ስለመሰለው፣ ዋናው እሷ ጋ አለ ብሎ። ሰውየው ሰምቶ፣ ምኑም ሳይገባው፣ ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ለሁለተኛው ቡሄን ተወው። ለሌላዋ ሴት ቦታ መጥበቡንም ተወው። ሰው እየመጣ ይጠይቃል፤ አሮጊቷ ያሳያሉ፤ ደምሴ ይመልሳል፤ መልሱም እያጠረ ሄደ። ደሳለች ዳሱ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣ ነበር፤ ግን እንጀራዋን ሳትቆርስ እየሰማች እንደነበር ከጎኗ ሆኜ አይቻለሁ። አንድ የእንዳልካቸው አጎት መጥቶ ሲጠይቅ ደምሴ፣

«አደራ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ደሳለች ሳትዞር፣ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለች።

«ና ተቀመጥ፤ ስትቆም ዋልክ» አለችው። «ዲስኳን ግን አታያትም።»

«አላያትም።»

«የት እንዳለችም አትጠይቅ።»

«አልጠይቅም።»

ብዙነሽ እንጀራ አቀረበችለት፤ በላ። ከፊት እማማ አሰለፈች በነጠላቸው ጫፍ የፎቶውን መስታወት ከአቧራው ይጠርጉ ነበር፤ ግራጫውንም ጭምር።